የተሰበረው መሪና ራጅ ያላሳየው አጥንት

ይህን የምጽፈው ለሁለት ዓይነት ሰዎች ነው። አንደኛው ወድቆ መዳፉን ተደግፎ የተነሣ፣ «ራጁ ምንም አላሳየም» የተባለ፣ ሕመሙ ግን ያልተወው ሰው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ቀላልና ጥቁር የካርቦን ክፍል ያለው ብስክሌት በስጦታም ይሁን በግዢ እጁ የገባ ሰው ነው። እኔ በአንድ ቀን ሁለቱንም ሆኜ ስለተገኘሁ፣ አንዱን ትቼ ሌላውን ማውራት አልችልም።

ላሊበላ ከተማ ውስጥ ብስክሌት እጠግናለሁ፣ ለእንግዶችም አከራያለሁ። ሙያውን ቁጭ አድርጎ ያስተማረኝ ሰው የለም፤ እየፈታሁ፣ እየገጠምኩ፣ ኢንተርኔት ሲኖር ደግሞ ቪዲዮ እያየሁ ነው የተማርኩት። ብዙ አልናገርም። የሚናገርልኝ ሲሳይ አለ፤ አብሮ አደጌና የሥራ ባልደረባዬ ነው። እንግዶቹን እየመራ የሚወጣው እሱ ነው፤ ሲመለሱ ብስክሌቶቹን የማክመው እኔ ነኝ። እንግዲህ ቀኝ እጄ ከሌለ ሥራዬም የለም።

ያንን ብስክሌት የተወልኝ አገራችንን በብስክሌት ያቋረጠ አንድ የውጭ አገር ሰው ነው። ላሊበላ ሲያልፍ ፍሬኑን ሠርቼለት ነበር፤ ጉዞውን ወልዲያ ላይ ሲጨርስ ደውሎ «ና ውሰደው» አለኝ። ዋናው አካሉ አሉሚኒየም ሲሆን፣ መሪውና የፊቱን ጎማ ከግራና ከቀኝ አቅፎ የሚይዘው ሹካ ካርቦን ፋይበር ነበሩ። ካርቦን ፋይበር ማለት ከፀጉር የቀጠነ ጥቁር ክር ተነባብሮ፣ በሙጫ ተነክሮ፣ በሙቀት የጠነከረ ነገር ነው። ክሩ በተዘረጋበት አቅጣጫ ሲጎተት ብረትን ያስንቃል። ከጎን ሲጨፈለቅ ግን እንደዚያ አይደለም። ይህን ያኔ አላውቅም ነበር።

አባቴ አብረውኝ ወልዲያ ወርደው ነበርና ብስክሌቱን በአንድ እጅ አንሥተው አዩት።

«ይኼ ነገር ውስጡ ባዶ ነው እንዴ?»

«አዎ፣ ቱቦ ነው።»

«እንዲያማ ከሆነ በደንብ እንሰረው፤ ነፋስ እንዳይወስደው።»

አባቴ ከብልባላ ገበያ እህል በአህያ ሲያመላልሱ የኖሩ ሰው ናቸው። በላስታ ቁልቁለት ላይ ጭነት ከተንሸራተተ እህሉም አህያውም ገደል ነው። ስለዚህ እኛ ዘንድ ጎበዝ ጫኝ የሚባለው የሚያጠብቅ ሰው ነው። መጫኛ የምንለውን ገመድ ሁለት ጊዜ ያዞራል፣ መካከሉ ላይ አጭር ዱላ ያስገባል፣ ከዚያም ገመዱ እስኪጮህ ይጠመዝዛል። አባቴም አውቶቡሱ ፖርቶ መጋላ ላይ ወጥተው መሪውን ከብረቱ ጋር እንዲያ አድርገው አሰሩት።

«አሁን መኪናው ቢገለበጥ እንኳ ይቺ አትወርድም!» አሉ ሲወርዱ።

«ኧረ አባባ፣ አፍዎን በበጎ ይክፈቱ!» አለ ረዳቱ።

ቤት እንደደረስኩ እኔም የራሴን ጨመርኩበት። መሪውን ጨብጦ የሚይዘው ማሰሪያ ላይ ብሎኑ ከተወሰነ ልክ በላይ እንዳይጠብቅ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ ነበር። አንብቤዋለሁ። ግን በእኛ ኮረኮንች ብሎን በየሳምንቱ ይላላል፤ ጽሑፉ አስፋልት ላይ ለሚነዱ ሰዎች ነው ብዬ የአንገቴ ሥር እስኪወጣ ድረስ አጠበቅኩት። የአባቴ ልጅ አይደለሁ!

በጥቅምት፣ መንገዱ ሲደርቅ፣ ወደ ገነተ ማርያም የሚወስደውን ጎዳና ለእንግዶች ልንሞክር እኔና ሲሳይ ወጣን፤ እኔ የያዝኩት ያንን የስጦታ ብስክሌት ነበር። ቁልቁለቱ ላይ ጎርፍ የቦረቦረው ትንሽ ቦይ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ያለፍኩት ዓይነት ነው። የፊት ጎማዬ ቦዩን ሲመታ ደረቅ ሸምበቆ በጉልበት እንደሚሰበር «ቷ!» አለ። ብረት ቢሆን መጀመሪያ ይጎብጥ ነበር። ይህ መሪ ግን አልጎበጠም፣ አስቀድሞም በድምፅ አላስጠነቀቀም፣ በአንድ ጊዜ ሄደ። የማስታውሰው መዳፌ ከድንጋዩ ጋር ሲገናኝ ነው።

ሲሳይ ብስክሌቱን ጥሎ እየሮጠ መጣ። «ምስጋናው! ምንህን ነው?»

«እጄን።»

«ታዲያ በግራህ የያዝከው ምንድን ነው?»

«መሪውን።»

«ልቀቀው እንጂ! ከእንግዲህ ወዴት ልትነዳው ነው?»

የዚያኑ ዕለት አንድ የግል ክሊኒክ ሄደን ራጅ ተነሣሁ። ባለሙያው ፊልሙን ወደ መብራቱ አነሣና «ስብራት የለም፤ ወለምታ ነው። ካልተሻለህ ግን ከዐሥር ቀን በኋላ ተመለስ፣ ድጋሚ እናየዋለን» አለኝ። «ስብራት የለም» የሚለው በደንብ ገባኝ። ከዚያ በኋላ ያለው በደስታዬ ምክንያት ጆሮዬ ጥግ ላይ ቀረ። የሕመም ማስታገሻዬን ይዤ ወጣሁ።

ወለምታ ከሆነ ደግሞ እኛ ሰፈር የሚኬደው አያ ንጉሤ ዘንድ ነው። አያ ንጉሤ የታወቁ ወጌሻ ናቸው። የብዙ ሰው ትከሻ መልሰዋል፤ ቀልዳቸውም እንደ እጃቸው የታወቀ ነው።

«ራጅ ተነሥተሃል?»

«ተነሥቻለሁ አያ ንጉሤ፣ ስብራት የለም ብለውኛል።»

«እንግዲያው ጅማት ነው። አሁን እናትህን ትጠራለህ። አትፈር፣ ከአንተ የገዘፉ ጎረምሶችም ጠርተዋል።»

ጠራሁ። በቅቤ አሽተው፣ ጎትተው፣ በሁለት ቀጭን እንጨትና በጨርቅ ጠፈሩኝ። ጣቶቼ እንደደነዘዙ ስነግራቸው «ካልጠበቀ አይዝም» አሉኝ። አባቴ እስሩን አገላብጠው አዩና «ማሰር ማለት እንዲህ ነው!» ብለው መረቁላቸው።

ከዚያ በኋላ የነበረው ጊዜ ነው የተንኮለኛው ሕመም ጊዜ። እስሩ ሲፈታ እብጠቱ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ነበር። ለሚያየኝ ሰው እጄ እንከን አልነበረበትም። የጀሪካን ክዳን ግን ማዞር አልቻልኩም። ቁልፍ በር ላይ አስገብቼ ማዞር አልቻልኩም። ብሎን መፍቻ ስይዝ ጣቶቼ ራሳቸው ይለቁታል። ሕመሙ የተወሰነ ቦታ ነበረው፤ በትክክል ልንገራችሁ። አውራ ጣታችሁን ወደ ላይ ስታቀኑ ከሥሩ፣ በሁለት ጅማቶች መካከል፣ ትንሽ ጎድጓዳ ትፈጠራለች። እዚያች ላይ በጣቴ ጫን ሳደርግ እስከ ክርኔ ይወጋኝ ነበር። ማታ ስተኛ በግራ እጄ እየነካካሁ «ዛሬ ይሻላል፣ አይሻልም» እያልኩ ራሴን አስጨንቃለሁ። እጄ እንዲህ ከቀረ ሌላ የማውቀው ሥራ የለም።

አጨዳ ደረሰ። አባቴ ደቦ ጠሩ። እኔ በግራ እጄ ውኃ አቀብላለሁ። አንዱ ጎረቤታችን ጎንበስ እንዳለ «ማጭድ ሲያይ የሚብስ ሕመም አይቼ አላውቅም» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አባቴ አልሳቁም፤ ግን መልስም አልሰጡልኝም። ከሳቁ ይልቅ ያ ዝምታቸው አመመኝ።

ብስክሌቱን በዚህ መካከል አልረሳሁትም። አጥቤ፣ ሹካውን በእጅ ባትሪ ከላይ እስከ ታች መረመርኩት። ቪዲዮ ላይ እንዳየሁት በሳንቲም ጠርዝ እየቆረቆርኩ አዳመጥኩ። ጤነኛ ካርቦን ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ውስጡ የተላቀቀ ከሆነ ድምፁ ይደፈናል። የእኔ ጥርት ያለ ነበር። ጭረትም አልነበረበትም። ሲሳይን የብረት መሪ አስገጠምኩትና «ሹካው ደህና ነው፣ ንዳው» አልኩት።

በመጨረሻ ነገሩን የቆረጠችው እናቴ ናት። አንድ ጠዋት ሸሚዜን በአንድ እጅ ለመቆለፍ ስታገል ቆማ አየችኝና ወደ አባቴ ዞረች።

«ይኼ ልጅ እያስመሰለ ነው የሚል ካለ መጥቶ ይቆልፍለት። ወልዲያ ይሂድ።»

አባቴ አንድ ሙክት ሸጠው ሰጡኝ። 

ወልዲያ ሆስፒታል ውስጥ ያለው መጠበቂያ አግዳሚ ወንበር ረጅም ነው፤ ወረፋው ከወንበሩም ይረዝማል። አጠገቤ ከመርሳ የመጡ እማማ ዘሀራ የሚባሉ ሴት ተቀምጠው ነበር። የመጡት ለጉልበታቸው ነው። ብርቱካን ገዝቼ በግራ እጄና በጥርሴ ስታገል ትንሽ ታገሡኝና ቀሙኝ።

«ስጠኝ እስቲ፣ ብርቱካኑን ገደልከው!» ልጠው፣ ፍሬ በፍሬ ለይተው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። «የመኪና አደጋ ነው?»

«የብስክሌት። መሪው ተሰበረ።»

«መሪው ተሰብሮ አንተ ተረፍክ? አልሐምዱሊላህ በል እንጂ ምን ያስተክዝሃል! አብሽር፣ አላህ ያሽርሃል።»

ስሜ ሲጠራ የብርቱካኑ ጭማቂ ገና ጣቴ ላይ ነበር።

ዶክተሯ ወጣት ናት። መጀመሪያ እስሩን ፈታች፤ ሕመሙ ሲብስብኝ አያ ንጉሤ በየጊዜው እያደሱልኝ ነበር።

«ማን ነው እንዲህ ያጠበቀልህ?»

«የሰፈራችን ወጌሻ ናቸው። በጣም ጎበዝ ናቸው።»

«ጎበዝስ ናቸው፤ ደሙ ግን በየት ይለፍ?»

ከዚያ ያለምንም ፍለጋ ጣቷን ጎድጓዳዋ ላይ አሳረፈች። ከወንበሩ ተነሣሁ። «እሺ፣ ተቀመጥ» አለች፤ ከተለያየ አቅጣጫ አዲስ ራጅ እንድነሣ አዘዘች። ፊልሙ ሲመጣ ለእኔም አሳየችኝ። ከእጅ አንጓ ትንንሽ አጥንቶች መካከል ጀልባ የሚመስል አንድ አለ፤ ስካፎይድ ይባላል። በመካከሉ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ነበር።

«ያኔ የት ነበር?» አልኳት።

«እዚያው ነበር። ይህ አጥንት ሲሰነጠቅ መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም። ለዚህ ነው ድጋሚ ተመለስ የሚባለው። ደም የሚያገኘው በአብዛኛው በአንድ ጫፉ በኩል ስለሆነ ቀስ ብሎ ነው የሚገጥመው። ካልገጠመ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል። አሁን ግን ጥሩ ተስፋ አለው፤ አውራ ጣትህን ጨምረን ጀሶ እናደርግልሃለን። ከውጭ ደህና መምሰሉ እንዳያታልልህ።»

ያቺ የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ሌላ ቦታ ወሰደችኝ። ስለ እጄ አልነበረም ማሰብ የጀመርኩት። ስለ ሹካው ነበር። በዚያው ቀን፣ በዚያው ቦይ፣ በዚያው ምት ወድቋል። እኔም ከውጭ አይቼ ደህና ነው ብያለሁ። ሲሳይ ደግሞ በዚያ ጠዋት በዚያው ብስክሌት ብልባላ ደርሶ ይመለስ ነበር።

ይቅርታ ጠይቄ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። ስደውል «አሁን ማግኘት አይችሉም» ይለኛል። ደግሜ ደወልኩ። እማማ ዘሀራ ከወንበራቸው ሆነው «ምን አሉህ? ሊቆርጡት ነው?» ይሉኛል። አይደለም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩላቸው። ብዙ ቆይቶ ጠራ።

«ሲሳይ! ከብስክሌቱ ውረድ!»

«ወርጃለሁ።»

«አሁኑኑ ውረድ አልኩህ!»

«ወርጃለሁ አልኩህ! ዳገት ነው፣ እየገፋሁት ነው። ሳንባዬ ሊወጣ ነው።»

«በቃ ቁልቁለቱንም እየገፋህ ና።»

«ዳገቱን ገፍቼ ቁልቁለቱንም ልገፋ? ሐኪሞቹ ያዩልህ እጅህን ነው ራስህን?»

«ሹካው ውስጥ ውስጡን ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል።»

«አንተው አይደለህ ደህና ነው ያልከኝ?»

«እጄንም ደህና ነው ብለውኝ ነበር። ተሰብሯል ሲሳይ።»

 

«እሺ» አለ። «ግን መንገድ ላይ የሚስቅብኝ ሁሉ ስልክህን እሰጠዋለሁ።»

በኋላ እንደነገረኝ፣ ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ቁልቁለት ላይ ብስክሌቱን እየጎተተ ሲያዩት «ታመመብህ እንዴ? አህያዋ ላይ እንጫነው?» ብለውታል። ላሊበላ በእግሩ ገባ። እኔም በጀሶ ገባሁ።

ጀሶዬን ያየ ሁሉ ነገሩን አመነ። አጨዳው ላይ የቀለደው ጎረቤታችን ራሱ መጥቶ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠና «እንግዲህ ማጭዱን ይቅር በለው» አለኝ።  አባቴ ደግሞ አንድ ቀን የተሰበረውን መሪ ቁራጭ አመጡና ፊቴ አስቀመጡት።

«ወዴት ጋ ነው የተሰበረው?»

አሳየኋቸው። ስብራቱ ማሰሪያው ከሚጨብጥበት ጥግ ነው። ከዚያ በጣት ስፋት እልፍ ብሎ ደግሞ አብረቅራቂው ሽፋን በገመድ ቅርጽ ተፍቋል።

«ይኼ የእኔ መጫኛ ነው።» ድምፃቸው ቀነሰ። «እኔ ነኝ የሰበርኩህ?»

«አይ አባዬ። ብሎኑን ያጠበቅኩት እኔ ነኝ። የትኛው እንደጀመረው አይታወቅም።»

«ሁለታችንም እንዳይወድቅ ብለን ነው።»

«ሁለታችንም።»

ቁራጩን ለረጅም ጊዜ አገላበጡት። «አህያ እንኳ ከልኳ በላይ ስታጠብቅባት ትተኛብሃለች፤ ፈትተህ ታላላለህ» አሉ። «ይኼ ግን ዝም ብሎ ችሎ፣ ችሎ … ምን ዓይነት ጠባይ ነው? ታዲያ ልኩ በምን ይታወቃል?»

«የሚለካ መፍቻ አለ። ልኩ ሲደርስ ጠቅ ይላል።»

«ግዛው» አሉ አባቴ። ስለ ብስክሌት ዕቃ ሲያዙኝ የመጀመሪያቸው ነበር።

ገዛሁት። በገና ሰሞን ላሊበላ በእንግዳ ስትሞላ ሥራውን የሠራሁት በሲሳይ እጅ ነው። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ «ግራ፣ ትንሽ፣ በቃ፣ ጠቅ አለ፣ ተው» እላለሁ፤ እሱ «እንደ አማት ትነዘንዛለህ» ይለኛል። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የካርቦን ክፍል ያለው ብስክሌት ሲመጣልኝ የማደርገውን ለእናንተም ልንገራችሁ። በብሎን የሚጨበጥ ካርቦን ላይ ግራሶ አልቀባም፤ ይንሸራተታል፣ ሲንሸራተት ደግሞ ሰው ያጠብቃል። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ አሸዋ አሸዋ የሚል ቅባት አለ፤ እሱ በትንሽ ጥብቀት ያስይዛል። መኪና ላይ ስጭን ገመዱን የማሳርፈው ጎማው ላይ ነው፤ መሪና ሹካ ላይ አላስርም። በሳንቲም መቆርቆርን አልተውኩም፤ የተደፈነ ድምፅ ከሰማሁ ነገሩ አለቀ። ጥርት ያለ ድምፅ ብሰማ ግን እንደ ድሮው «ደህና ነው» አልልም። ካርቦን ደካማ አይደለም፤ በልኩ ከያዙት ብዙ ዘመን ያገለግላል። ከከባድ ውድቀት በኋላ ግን በመሣሪያ የሚመረምርልኝ ባለሙያ ካላገኘሁ፣ እኛ ዘንድ ደግሞ የለም፣ መሪውንና ሹካውን እለውጣለሁ። ስለ እጅ የምለውም ይኸው ነው። ጎድጓዳዋ ካመመቻችሁ፣ ተመለሱ የተባላችሁበት ቀን ተመለሱ። ወጌሻችሁንም ውደዱ፤ አያ ንጉሤ አሁን «የአውራ ጣት ሥር ያመመው መጀመሪያ ራጁን ይድገም» ብለው ሰው ይመልሳሉ።

ጀሶው ሲፈታ እጄ የሌላ ሰው ይመስል ነበር፤ ቀጥኗል፣ ነጥቷል፣ አንጓው አይታጠፍም። ዶክተሯ በአዲሱ ራጅ ላይ መስመሩ መጥፋቱን አሳየችኝና «የቀረው ያንተ ሥራ ነው» አለች። ካልሲ ጠቅልዬ እየጨበጥኩ፣ በሞቀ ውኃ ውስጥ እያጠፍኩ ሰነበትኩ። ጀሪካኑን መክፈት ቻልኩ። ሸሚዜንም። ብሎን መፍቻ ግን ፈራሁ፤ እየዞርኩ አየዋለሁ እንጂ አላነሣውም።

ያ ሹካ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ጥቁር፣ የሚያምር፣ አንዲት ጭረት የሌለበት። አንድ ቀን አንድ ሰው መጥቶ ልግዛው አለ። አይሆንም ስለው ዋጋ ጨመረ። ሲሳይ በዓይኑ ይጠቅሰኛል። ሰውየው ሲሄድ ገባኝ፤ እዚያ ተሰቅሎ እስካለ አንድ ቀን አንዱ እኔ በሌለሁበት ይወስደዋል።

«ሲሳይ፣ የብረት መጋዙን አምጣ። ውኃም።»

«ልትቆርጠው? ደህና ቢሆንስ?»

«ደህና ባይሆንስ?»

የካርቦን ብናኝ ሳንባ አይወድም፤ አፍንጫችንን ሸፍነን፣ ሲሳይ ውኃ እያንጠባጠበ፣ እኔ እየገዘገዝኩ ሁለቱንም እግሮች ቆረጥኩ። ከዚያም አናቱን። እያንዳንዱን ቁራጭ አጥበን ወደ ፀሐይ አወጣነው። ዙሪያውን በጥፍሬ ዳሰስኩ፤ የተላቀቀ ንብርብር፣ ፀጉር የምታህል መስመር ፈለግሁ። ሲሳይም በተራው ፈለገ።

«ወይ ጉድ» አለ ሲሳይ። «ጤነኛውን አርደኸው አረፍክ! ያን ሁሉ ቁልቁለት በእግሬ ያስኬድከኝ ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው።»

«አሁን ማን ሊያምነኝ ነው!» አንዱን ቁራጭ አነሣና እንደ ዋሽንት አፉ ላይ አድርጎ ነፋበት። እንደዚያ ከሳቅሁ ወራት ሆኖኝ ነበር። እየሳቅሁ መጋዙን ልሰቅል ስንጠራራ ነው ድንገት ቆም ብዬ እጀታውን ያየሁት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የገዘገዝኩት በቀኝ እጄ ነው። አንድ ጊዜም አላስታወስኩትም።

ሹካው ጤነኛ ነበር። እጄም።